እንፋሎትን የሚገታ ብረት፦ ከላርዴሬሎ እስከ አሉቶ

ከባቱ ከተማ በስተደቡብ፣ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል የሚገኘው የአሉቶ እሳተ ገሞራ፣ ኢትዮጵያ የከርሰ ምድርን ሙቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠችበት ስፍራ ነው። ስለ አሉቶ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ጉድጓዶቹ ጥልቀትና ስለሚጠበቀው ሜጋ ዋት የሚናገር ሲሆን፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ያን ሁሉ ኃይል የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ፣ በተለይም ቫልቩን የሚያንቀሳቅሱት ትናንሽ የብረት ክፍሎች፣ ከሚገባቸው ያነሰ ቦታ ተሰጥቷቸዋል።

ቫልቭን በሰው እጅ ፈንታ በአየር ግፊት፣ በዘይት ግፊት ወይም በኤሌክትሪክ ሞተር የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ አክቹዌተር ይባላል። ዋና ዋና ክፍሎቹ ግፊቱን የሚቀበለው ፒስተን ወይም ዲያፍራም፣ ኃይል ሲቋረጥ ቫልቩን አደጋ ወደማያደርስበት ቦታ የሚመልሰው ሞላ፣ እንቅስቃሴውን ወደ ቫልቩ የሚያደርሰው ዘንግ፣ ዘንጉ የሚንሸራተትበት ቡሽ፣ እንዲሁም ሁሉንም አጥብቀው የሚይዙት ብሎኖች ናቸው። እነዚህ ክፍሎች በጋለ እንፋሎት አጠገብ ለዓመታት እንዲያገለግሉ ከምን ዓይነት ቅይጥ፣ ማለትም አንድን ብረት ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር አቅልጦ በማዋሃድ ከሚገኝ ብረት፣ መሠራት እንዳለባቸው ለማወቅ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቷል። የረዘመበት ምክንያት፣ ብረቱ የሚችለውን የሙቀት ዲግሪ ማወቅ ብቻውን በቂ ስላልነበረ ነው፤ እንፋሎቱ ምን ይዞ እንደሚመጣና ክፍሉ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ሳይታወቅ የተመረጠ ብረት ደጋግሞ ከድቷል። በዚህ ትረካ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የታሪኩ መነሻ በጣሊያን የቶስካና ግዛት የምትገኘው ላርዴሬሎ ናት። በዚያ ከመሬት የሚወጣው እንፋሎትና ፍል ውሃ ቦሪክ አሲድ ለማምረት ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሲያገለግል ከቆየ በኋላ፣ ልዑል ፒዬሮ ጂኖሪ ኮንቲ በ1904 ከአንድ አነስተኛ የእንፋሎት ሞተር ጋር ባገናኘው ዲናሞ አምስት አምፖሎችን አበራ። ሞተሩ ውስጥ የገባው ግን ከመሬት የወጣው እንፋሎት ራሱ አልነበረም፤ ልዑሉ የተፈጥሮውን እንፋሎት ንጹሕ ውሃ ለማፍላት ብቻ ተጠቅሞበት፣ ከንጹሑ ውሃ በተገኘው እንፋሎት ሞተሩን አንቀሳቀሰ፤ ምክንያቱም የተፈጥሮው እንፋሎት የያዘው አሲድና ጋዝ የዘመኑን ብረት ይበላው ነበር። በ1913 በዚያው ስፍራ ሥራ የጀመረው 250 ኪሎ ዋት ጣቢያም ይህንኑ ስልት ተከተለ። የመጀመሪያዎቹ የጂኦተርማል መሐንዲሶች እንግዲህ ተስማሚ ብረት ስላጡ ብረታቸውን ከእንፋሎቱ መሸሸግን መረጡ፤ ይህ ስልት ከዘጠና ዓመታት በኋላ በሌላ መልክ አሉቶ ላይ ይመለሳል።

መሸሸጉን ቀስ በቀስ አላስፈላጊ የሚያደርጉት ቅይጦች የተገኙት ግን በእነዚያው ዓመታት ነበር። በ1906 አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ ኒኬልን ከክሮሚየም ጋር በማዋሃድ፣ ቀልቶ እያለ በአየር የማይበላ የማሞቂያ ሽቦ ሠራ፤ ዛሬ በኢትዮጵያ ቤቶች በኤሌክትሪክ ምጣድ ውስጥ እየቀላ እንጀራ የሚያበስለው ሽቦ ብዙውን ጊዜ የዚሁ ግኝት ዝርያ ነው። ከ1907 ጀምሮ ደግሞ ኤልዉድ ሄይንስ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ኮባልትንና ክሮሚየምን፣ ኋላም ተንግስተንን በመቀላቀል፣ ግሎም እንኳ ጥንካሬውን የማያጣ ቅይጥ አገኘ፤ ከብርሃኑ የተነሣም ኮከብ ከሚለው የላቲን ቃል ወስዶ ስቴላይት ብሎ ሰየመው። በ1913 የሼፊልዱ ሃሪ ብሪርሊ የጠመንጃ አፈ ሙዝ በተኩስ ሙቀት እንዳይሸረሸር የሚያደርግ ብረት ሲፈልግ፣ 12.8 በመቶ ክሮሚየም የያዘ የማይዝግ ብረት ላይ ደረሰ። የክሮሚየም ምሥጢር በራሱ ላይ ስስና ጠንካራ የኦክሳይድ ልባስ ማበጀቱ ሲሆን፣ ልባሱ ሲጫር ኦክስጅን ካገኘ ራሱን መልሶ ይጠግናል። የብሪርሊ ግኝት ዘሮች ዛሬም ከ12 እስከ 13 በመቶ ክሮሚየም ይዘው በእንፋሎት ቫልቭ ዘንግነትና በተርባይን ምላጭነት ያገለግላሉ።

ቀጣዩን ትልቅ እርምጃ ያስገደደው ጦርነት ነው። በብሪታንያ የፍራንክ ዊትል የጄት ሞተር ምላጮች በቀይ ፍም ሙቀት ላይ ሆነው ከፍተኛ የመሽከርከር ኃይል መሸከም ስለነበረባቸው፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ኒሞኒክ የተባለው የኒኬል ቅይጥ ቤተሰብ ተፈጠረ። እዚህ ላይ መሐንዲሶቹን ያስጨነቃቸው ብረት ለረጅም ጊዜ በሙቀትና በጭነት ሥር ሲቆይ፣ ጭነቱ ሊሰብረው ከሚችለው እጅግ ያነሰ እንኳ ቢሆን፣ ቀስ እያለ በቋሚነት የመለጠጥ ባሕርዩ ነበር። አሉሚኒየምና ታይታኒየም በጥቂቱ ሲጨመሩ በኒኬሉ ውስጥ እጅግ ደቃቅ ጠጣር ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ እነዚህም የብረቱ ውስጣዊ ንብብሮች እንዳይንሸራተቱ እንደ ሽብልቅ ይይዟቸዋል። በአሜሪካ በዚያው አሥርተ ዓመት የወጣው ኢንኮኔል ኤክስ የተባለው ቅይጥ በዚሁ መርህ የተሠራ ሲሆን፣ ዛሬ ኤክስ-750 በሚል መጠሪያ የአክቹዌተርና የቫልቭ ሞላ ይሠራበታል።

ሞላ ከሌሎቹ ክፍሎች ተለይቶ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። የታመቀ ሞላ በዝምታ ለዓመታት ተቀምጦ አንድ ቀን፣ አንዲት ቅጽበት ብቻ እንዲሠራ ይጠበቃል፤ የተርባይን የአደጋ ጊዜ መዝጊያ ቫልቭ ጭነት ድንገት ሲቋረጥ በሰከንድ ክፍልፋይ ካልተዘጋ ተርባይኑ ከመጠን በላይ ተሽከርክሮ ራሱን ሊያፈርስ ይችላል። ተራ የካርቦን ብረት ሽቦ ሞላ ከ120 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ጉልበቱን እያጣ ይሄዳል፤ ክሮሚየምና ሲሊኮን የገባበት የብረት ሽቦ እስከ 250 ዲግሪ ገደማ ያገለግላል፤ ኤክስ-750 ደግሞ ከ500 ዲግሪ በላይም ይዘልቃል። ጉልበቱን ያጣ ሞላ በዓይን ሲታይ ከጤነኛው ስለማይለይ፣ ጉድለቱ የሚታወቀው ኃይሉ ሲለካ ወይም ቫልቩ አልዘጋ ሲል ነው።

ከጄት ሞተሩ የተገኘው እውቀት ከፍተኛ ዲግሪን ያሸነፈ ቢመስልም፣ የመሬት እንፋሎት ሌላ ዓይነት ጠላት እንደያዘ ያስተማረችው ኒውዚላንድ ናት። በ1958 ኤሌክትሪክ ማመንጨት የጀመረው የዋይራኬ ጣቢያ ከመገንባቱ በፊት፣ የአገሪቱ ተመራማሪዎች የልዩ ልዩ ብረቶችን ናሙና በጉድጓድ እንፋሎት ውስጥ አቆይተው መርምረው ነበር። ውጤቱ የብዙዎችን ግምት የሚያፈርስ ሆነ፤ ርካሹና ለስላሳው የካርቦን ብረት ኦክስጅን በሌለበት እንፋሎት ውስጥ በላዩ ላይ መከላከያ ልባስ አበጅቶ ደህና ሲቆይ፣ እጅግ እንዲጠነክር ተደርጎ የተዘጋጀው ብረት ግን ተሰነጠቀ። የስንጥቁ መንስኤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ነው። ብረቱ በእርጥበት ውስጥ ሲበላ የሃይድሮጅን አተሞች ይለቀቃሉ፤ እነዚህ ጥንድ ሆነው ጋዝ እንዳይሆኑና እንዳይበኑ ሰልፋይዱ ስለሚያግዳቸው ወደ ብረቱ ውስጥ ሰርገው ይገባሉ፤ ጠንካራው ብረት ደግሞ ተለጥጦ ውጥረቱን የማስተንፈስ አቅም ስለሌለው እንደ መስተዋት ይሰበራል። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ይህ አደጋ የሚበረታው በጋለው ሳይሆን ወደ ተራው የአየር ሙቀት በተጠጋው ብረት ላይ መሆኑ ነው፤ በሥራ ላይ ሳለ ምንም ያልሆነ ብሎን ጉድጓዱ ተዘግቶ ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። መዳብም ለዚህ ጋዝ እጅግ ደካማ በመሆኑ፣ ለውሃ ቫልቭ ተወዳጅ የሆኑት የናስና የነሐስ ቡሾች፣ የአክቹዌተሩ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና መነካኪያዎችም ጭምር፣ ወደ ጥቁር ሰልፋይድ እየተለወጡ ይጠፋሉ።

በዚሁ ጋዝ የተጎዳው የነዳጅ ኢንዱስትሪ ልምዱን በ1975 በአንድ ደረጃ ሰነድ አሰፈረ። ኔስ (NACE) በመባል ይታወቅ የነበረው የአሜሪካ የዝገት መሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው ይህ ሰነድ፣ በእንዲህ ዓይነት አገልግሎት ላይ የሚውል የካርቦን ብረት በሮክዌል ሲ መለኪያ ከ22 የበለጠ ጥንካሬ እንዳይኖረው ደነገገ። ይህ ድንጋጌ የቫልቭ ሠሪውን ሁለት ሊታረቁ የማይችሉ የሚመስሉ ግዴታዎች ፊት አቆመው፤ ዘንጉ እንዳይሰነጠቅ ለስላሳ መሆን አለበት፣ ለስላሳ ዘንግ በለስላሳ ቡሽ ውስጥ ሲንሸራተት ደግሞ፣ በተለይ ሁለቱ ከአንድ ዓይነት የማይዝግ ብረት ከተሠሩ፣ በጋራዥ ቋንቋ ይነክሳል፤ ይኸውም የሁለቱ ገጽ በግፊት ተጣብቆ እየተቀደደ በመጨረሻ አንድ ላይ ይቆለፋል። መፍትሔው ከዚያ ሰባ ዓመት ገደማ በፊት በሄይንስ እጅ ተገኝቶ ነበር፤ የዘንጉ አካል ለስላሳና ታጋሽ እንዲሆን ተደርጎ፣ የሚፋተገው ገጽ ብቻ በብየዳ በስቴላይት ይለበጣል። 17-4 ፒኤች የተባለው የማይዝግ ብረት ለዘንግ ተወዳጅ የሆነበትና የሚያስፈራበትም ምክንያት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ብረት በ482 ዲግሪ ሲታከም በጣም ይጠነክራል፣ ነገር ግን ለሃይድሮጅን ስንጥቅ ይጋለጣል፤ በ620 ዲግሪ ሲታከም ጥንካሬው ይቀንሳል፣ ታጋሽነቱ ግን ይጨምራል፤ ከ300 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል ደግሞ በሁለቱም መልኩ ተሰባሪ እየሆነ ይሄዳል። በግዢ ወረቀት ላይ የብረቱን ስም ብቻ ጽፎ የሙቀት ሕክምናውን መዝለል፣ በዚህ ሙያ ከባድ ከሚባሉት ስሕተቶች አንዱ ነው።

የኢትዮጵያ ምዕራፍ የሚከፈተው ዋይራኬ ሥራ ከጀመረ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። በ1969 መንግሥት ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር በመተባበር በስምጥ ሸለቆው የጂኦተርማል ቅኝት ያስጀመረ ሲሆን፣ ከተለዩት ስፍራዎች መካከል በአሉቶ በ1981 የጥልቅ ጉድጓድ ቁፋሮ ተጀምሮ በዚያ አሥርተ ዓመት አጋማሽ ላይ ስምንት ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ከተራራው ግርጌ የተቆፈሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉድጓዶች ሙቀት ዝቅተኛ ሆነ፤ ቁፋሮው ወደ ተራራው አናት ሲሸጋገር ግን ኤልኤ-3 በተባለው ጉድጓድ በ2100 ሜትር ገደማ ጥልቀት 315 ዲግሪ፣ በኤልኤ-6 ደግሞ በ2200 ሜትር ገደማ ጥልቀት 335 ዲግሪ ሴልሺየስ ተለካ። ከስምንቱ አራቱ፣ ማለትም 3፣ 4፣ 6 እና 8 ቁጥር ጉድጓዶች፣ ለምርት ተመረጡ። ውሃው ጨዋማና ቢካርቦኔት የበዛበት ሲሆን፣ ከእንፋሎቱ ጋር የሚወጣው ጋዝ በአመዛኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድም አብሮት አለ።

ከላይ የተጠቀሱት ዲግሪዎች የመሬቱ ሆድ ዲግሪዎች ናቸው። ፈሳሹ ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ እየቀነሰ ስለሚፈላ፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ የሚኖረው ሙቀት በግፊቱ ይወሰናል፤ ለምሳሌ በ10 ባር ግፊት የሚገኝ እንፋሎት 180 ዲግሪ ገደማ ነው። የካርቦን ብረት በጭነት ሥር ቀስ ብሎ መለጠጥ የሚጀምረው ከ370 ዲግሪ ወዲያ ስለሆነ፣ በአሉቶ ዓይነት ቫልቭ ላይ የጄት ሞተሩ ችግር አይነሣም፤ ውድ የኒኬል ቅይጥ በየክፍሉ መዘርጋትም ገንዘብን ያለ ቦታው ማፍሰስ ይሆናል። የሚያሳስቡት ጋዙ፣ ጨዉ፣ ከሚፈላው ውሃ ላይ እየተለየ በዘንጉ ላይ የሚጋገረው የኖራና የሲሊካ ቅርፊት፣ እንዲሁም የብረቶች አለመመሳሰል ናቸው። የመጨረሻውን በቁጥር ማየት ይቻላል፤ የካርቦን ብረት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከርዝመቱ አንድ ሚሊዮንኛው 12 እጅ ሲሰፋ፣ የተለመደው ኒኬል የበዛበት የማይዝግ ብረት 17 እጅ ይሰፋል። በካርቦን ብረት ቀዳዳ ውስጥ የሚንሸራተት 40 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የማይዝግ ዘንግ ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ሲጨምር ከቀዳዳው 0.04 ሚሊሜትር አብልጦ ይሰፋል፤ በቶርኖ ላይ ክፍተቱን አጥብቦ የሠራ ባለሙያ ቫልቩ ሲቀዘቅዝ በቀላሉ ሲከፈትና ሲዘጋ አይቶ ይረካል፣ ሲሞቅ ግን ይቆለፋል።

በ1998 የእስራኤሉ ኦርማት ኩባንያ በአሉቶ የገነባው የሙከራ ጣቢያ በአፍሪካ ቀንድ የመጀመሪያው የጂኦተርማል ኃይል ማመንጫ ሆነ። 3.9 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የእንፋሎት ተርባይንና 4.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሁለተኛ ክፍል ተጣምረው በድምሩ 8.5 ሜጋ ዋት፣ ለጣቢያው ራሱ የሚውለው ሲቀነስ ደግሞ ከ7 ሜጋ ዋት ትንሽ የሚበልጥ ኃይል እንዲሰጡ ታቅዶ ነበር። በሁለተኛው ክፍል የመሬቱ ሙቅ ፈሳሽ ሙቀቱን በቧንቧ ግድግዳ በኩል በቀላሉ ለሚፈላው ፔንቴን ሰጥቶ ይመለሳል፤ ተርባይኑን የሚያሽከረክረው የፔንቴን ተን ነው። ጂኖሪ ኮንቲ በ1904 ንጹሕ ውሃ አፍልቶ ሞተሩን ከመጥፎው እንፋሎት እንደሸሸገ ሁሉ፣ የአሉቶው ንድፍም ግማሹን ማሽን ከመሬቱ ፈሳሽ ሸሽጎታል። በመሆኑም በአንድ ጣቢያ ውስጥ ያሉ ቫልቮች በሁለት ዓለም ይኖራሉ፤ በእንፋሎቱ በኩል ያለው ዘንግ ሰልፋይድንና ቅርፊትን፣ በፔንቴኑ በኩል ያለው ደግሞ ሊቀጣጠል የሚችል ተን እንዳያፈስ መጠንቀቅን ይጠይቃል። ልዩነቱ ከብረቱ አልፎ እስከ ማሸጊያው ጎማ ይደርሳል፤ እንፋሎትን በደንብ የሚችለው ኢፒዲኤም የተባለው ጎማ በፔንቴን ውስጥ ያብጣል፣ ስለዚህ መጋዘን ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ኦሪንጎች መቀያየራቸው ጣቢያን ለማቆም ይበቃል።

የሙከራ ጣቢያው ጥቂት ዓመታት ከሠራ በኋላ በመሣሪያዎችና በጉድጓዶች ችግር ምክንያት ቆመ፤ በ2007 ጥገና ተደርጎለት በከፊል ወደ ሥራ ተመለሰ። የቆመ የጂኦተርማል ጣቢያ ያረፈ ይመስላል፤ ለብረቱ ግን የከፋው ጊዜ ይህ ነው። ቧንቧው በእንፋሎት ተሞልቶ ሳለ ያልነበረው ኦክስጅን ከአየር ጋር ሲገባ፣ ለስላሳውን የካርቦን ብረት የጠበቀው ልባስ ይፈርሳል፤ የማይዝገው ብረት ደግሞ በክሎራይድ ጨውና በኦክስጅን ጥምረት ከ60 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚሰራጭ ስንጥቅ ያወጣል። ለብዙ ወራት ያልተንቀሳቀሰ ዘንግ በቅርፊት ተገንብቶ ይቆያል፤ ስለዚህ በዚህ ሥራ ልምድ ያላቸው ጣቢያዎች ቫልቮቻቸውን በየጊዜው በጥቂቱ ያንቀሳቅሳሉ፣ የቆመውንም መስመር አድርቀው ወይም በናይትሮጅን ሞልተው ያቆያሉ። የብረት ምርጫ በግዢ ቀን የሚያበቃ የሚመስለው የጥገናው ወገን ሲረሳ ነው።

አሉቶ እንደገና መሥራት በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2009፣ በአይስላንድ የክራፍላ ጉድጓድ ቁፋሮ ከ2 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ሳይታሰብ ቀልጦ ከሚገኝ ዐለት ጋር ተገናኘ። ጉድጓዱ 450 ዲግሪ የሚደርስ ደረቅ እንፋሎት በታላቅ ግፊት ሰጠ፤ ከአንድ ጉድጓድ ይህን ያህል ኃይል ማግኘት ታላቅ ተስፋ ነበር። እንፋሎቱ ግን ሃይድሮጅን ክሎራይድ ስለያዘ ወደ ውሃ በተለወጠበት ቦታ ሁሉ ኃይለኛ አሲድ ይሆናል። በ2012 ዋናዎቹ ቫልቮች ስለተበላሹ ጉድጓዱን በቀዝቃዛ ውሃ ማጥፋት ግድ ሆነ፤ በምድር ላይ እጅግ የጋለውን የምርት ጉድጓድ ያሸነፈው የመዝጊያው ድክመት ነበር። የኢትዮጵያ ጂኦተርማል ባለሙያዎች ብዙዎቹ በአይስላንድ የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ የጂኦተርማል ሥልጠና ስለተማሩ፣ የክራፍላ ዜና ለእነርሱ የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም።

በአሉቶ ከ2013 እስከ 2015 በጃፓንና በዓለም ባንክ ድጋፍ ሁለት ተጨማሪ ጉድጓዶች ወደ ጎን ዘንበል ተደርገው ከ1900 ሜትር በላይ ተቆፈሩ፤ በ2014 የዓለም ባንክ ለጂኦተርማል ዘርፉ 178.5 ሚሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ፤ ጣቢያውንም ወደ 70 ሜጋ ዋት ገደማ የማሳደግ ዕቅድ ተያዘ። በ2019 የኬንያው ኬንጄን ኩባንያ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በዚያው ስፍራ ጉድጓዶች ለመቆፈር ውል ገባ፤ በተመሳሳይ ዘመን በአርሲ በኩል በቱሉ ሞዬ ሌላ ቁፋሮ ተጀመረ።

በእነዚህ ሁሉ ጉድጓዶች ላይ አንድ የሥራ ቅደም ተከተል አይለወጥም፤ ዋናው ቫልቭ የመሰርሰሪያው ጫፍ እንፋሎት የያዘውን ዐለት ከመንካቱ በፊት በቦታው ተገጥሞ መፈተሽ አለበት። ይህም ማለት የዘንጉ ብረት፣ የስቴላይቱ ልባጥ፣ የብሎኖቹ ጥንካሬና የሞላው ቅይጥ የሚታዘዙት ጉድጓዱ ምን ዓይነት ፈሳሽ እንደሚሰጥ ሳይታወቅ፣ ከወራት በፊት ነው ማለት ነው። ትእዛዙን የሚጽፈው መሐንዲስ ሊደገፍበት የሚችለው ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከጎረቤት ጉድጓዶች የተቀዱ የጋዝና የውሃ ናሙናዎች ውጤት፣ እንዲሁም ተፈትተው የወረዱ አሮጌ ቫልቮች ዘንግ ላይ የታየው ቅርፊት፣ ጭረትና ስንጥቅ ነው።